የጉርሻው ክስ

«ልጄን የምትጠይቁት ለማን ነው?» አለች እትዬ ዘነበች፣ ፈገግታዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አድርጋ።

«ለሰባቱ ከተሞች ሸንጎ» አሉ መካከል የተቀመጡት ሰውዬ።

እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዘንበል አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለእንዲህ ያለው ወግ የምጠራው ጎረቤቷ እኔ ነኝ። «ለሰባት ነው እንዴ የሚሉት፣ ጋሽ ጥላዬ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ተስማምተው ይሆናል» አልኳት። ምን ልበላት?

ሦስት የከበሩ ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ በማለዳ ያላገባች ልጅ ካለችበት ቤት ደጅ ቆመው «ስለ አስናቀች ጉዳይ ነው የመጣነው» ካሉ፣ በእኛ አገር ሽማግሌ ናቸው እንጂ ሌላ ምን ይሆናሉ? እትዬ ዘነበችም ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። አስናቀች የታላቁ ትምህርት ቤት ገመድ ጎታች ናት፤ ያውም ከሁሉ ኋላ ቆማ ገመዱን ወገቧ ላይ የምትጠመጥመው፣ እኛ «ካስማ» የምንላት። በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች። መዳፏ የእኔን ሁለት እጅ ይሆናል። እናትየዋ «ይቺን ማን ደፍሮ ይጠይቅልኛል?» እያለች ስታማርር እሰማ ነበር፤ ግድግዳችን አንድ ነው።

«ከቤቷ ውጭ ትበላለች?» ጠየቁ ሰውዬው፣ የቀረበላቸውን ገንፎ እያገባደዱ።

እትዬ ዘነበች የአማቾቿ ሥጋት የገባት መሰላት። ልጇ ሰው የሚወዳት መሆኗን ማሳየት ነበረባት። «ኧረ ያልበላችበት ቤት የት አለ! የሰፈር ልጅ እኮ ናት። ሙላት፣ ይሄ ሥጋ ሻጩ፣ በደጁ ባለፈች ቁጥር ክትፎ ያጎርሳታል። ጥሩወርቅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጭኮ ታጎርሳታለች። ስንቱን ልጥራልዎት?»

«በእጃቸው ነው የሚያጎርሷት?»

«ታዲያ በእግራቸው ሊያጎርሷት ኖሯል?»

ሰውዬው በእያንዳንዱ መልስ ከኪሳቸው ባወጡት ጥቁር ክር ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። እትዬ ዘነበች ለልጇ ማተብ የሚያበጁላት መሰላት። «ትንሽ ረዘም ቢል ጥሩ ነው» አለቻቸው በትሕትና፤ «አንገቷ ወፈር ይላል።»

ክሩ ሲያልቅ ሰውዬው ተነሡ። «እኔ የሸንጎው ዋና መርማሪ ኮስትሬ ነኝ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

እትዬ ዘነበች ባዶውን ገበቴ አየች፣ እሳቸውን አየች። «ታዲያ ገንፎዬን ምን ብላችሁ በላችሁት?»

«ለምርመራ» አሉ ኮስትሬ፤ አፋቸውን ጠረጉ፤ ወጡ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የከተማችንን ስም አልጠራም፤ ከጠራሁት የሚከሰኝ አይጠፋም። በእኛ አገር ሰባት ከተሞች አሉ፤ እያንዳንዱ ከተማ አንድ ታላቅ ትምህርት ቤት አለው፤ ትምህርት ቤቶቹም በየዓመቱ ገመድ ይጓተታሉ። ሌላም ነገር ያስተምራሉ ይባላል። አሸናፊው የተሸናፊውን ከተማ ደወል ነቅሎ ይወስዳል። ደወሉን የተነጠቀ ከተማ እስከሚቀጥለው ጉተታ ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሠርግ ላይ አርፍዶ፣ ለቅሶ ላይ ሟቹ ገና ሲያጣጥር ይደርሳል። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ድሮ ሀብታሙ ከተማ ጎታቾቹን ሥጋ እያጎረሰ ያወፍር ነበር፤ ድሃው ከተማ ጎታቾቹን ይመርቅ ነበር። ምርቃት ገመድ እንደማይጎትት ሲታወቅ ሰባቱ ትምህርት ቤቶች ተሰብስበው ሸንጎ አቆሙ፤ ሸንጎውም ሕግ አወጣ። ጎታች ከእናቷ ቤትና ከትምህርት ቤቷ ድስት በቀር አትበላም፤ የደጋፊ እጅ ከጎታች አፍ አይደርስም። ባጭሩ፣ ጉርሻ ክልክል ነው። ሕጉን ቆሞ ያጨበጨበለት የእኛ ትምህርት ቤት ነበር፤ ያኔ ድሆች ነበርን።

ቅጣቱም የታወቀ ነው። ያጎረሰ ደጋፊ ዕድሜውን ሙሉ ከሜዳው ይታገዳል። የጎረሰች ጎታች ከገመዱ ትወጣለች፤ ያመጣችው ደወል ይመለሳል። ትምህርቷን ግን የሚነካባት የለም።

ለአስናቀች ዋናው ይሄ የመጨረሻው ነበር። የምትማረው ድልድይ ሥራ ነው። ከእኛ ወዲያ አንድ ወንዝ አለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከብትም ሰውም ይወስዳል። የወንዙ ማዶ ሰዎች ዓመታት ለምነው ድልድይ ተፈቅዶላቸዋል፤ አስናቀች ቦታውን አይታ፣ በገመድ ለክታ፣ ሥራውን እንድትመራላቸው ቃል ተገባብተዋል። የቀራት መመረቅ ብቻ ነው። ውኃው ሲጎድል ካልደረሰች ግን ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል፤ ያ ሌላ ሰው ከዚህ በፊት የሠራው ድልድይ አሁን ዓሣ ማጥመጃ ሆኗል።

ክርክሩ የተጀመረው እኔ በረንዳ ላይ ነው። ፍራሽ አዳሽ ነኝ፤ የሰው ፍራሽ በረንዳዬ ላይ ስለሚደረደር የሰፈሩ ደጋፊ እዚያ ጋደም ብሎ ነው የሚከራከረው። ተኝቶ የሚከራከር ሰው ቶሎ አይደክመውም።

«መክሰስ ነው!» አለ ሙላት ሥጋ ሻጩ። «ሸንጎውን ራሱን መክሰስ! ማን ናቸው እነሱ የሰው አፍ የሚያዩት?»

«እኛው ያቆምናቸው ናቸዋ» አለች ጥሩወርቅ። የደጋፊውን መለያ የምትሰፋው እሷ ናት። «ትምህርት ቤታችን አይደል ያጨበጨበው?»

«ያጨበጨብነው ለሌሎቹ ነው!»

«ቆይ፣ አጉርሰሃል አላጎረስክም?»

«አጉርሻለሁ። እሱ ሌላ ነገር ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«እኔ የማጎርሰው ከፍቅር ነው። እነዚያ ቆላ ያሉት የሚያጎርሱት ለማሸነፍ ነው። ደግሞ አንቺ ጭኮውን ለምን ሰጠሻት?»

«ልለካት መጥታ ነው። ሆዷ ባዶ ከሆነ ልኩ ይሳሳታል።»

«አየህ፣ ጋሽ ጥላዬ? የእሷ ለልክ ነው፣ የእኔ ለወንጀል ነው!»

እኔ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፤ በሕግ አልገባም። «ሁለታችሁም ከዚያ ፍራሽ ላይ ውረዱልኝ፣ ባለቤቱ እየመጣ ነው» አልኩ።

በዚያው አስናቀች ከትምህርት ቤት ስትመለስ አለፈች። ሁሉም ተነሣ። «እኔ እኮ ከገመዱ ብወጣም ግድ የለኝም» አለች ቆም ብላ። «ፈተናዬን ልውሰድና ወደ ወንዙ ልሂድ።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ!» አለ ሙላት፣ እንባው እየመጣ። «ለማንም አሳልፈን አንሰጥሽም!»

ትምህርት ቤቱም ሸንጎውን ከሰሰ። ለዚህ ጉዳይ የቀጠረው ነገረ ፈጅ በዝናብ መሐል ቆሞ «ፀሐይ ነው» ብሎ የሚያሳምን ሰው ነው። ከተማው ሁሉ ችሎት ወረደ። እኔም መርፌዬን ትቼ ወረድኩ።

«ክቡር ዳኛ» አለ ነገረ ፈጁ፣ «ጉርሻ ምግብ አይደለም። ሰላምታ ነው። ሕጉ ምግብ ይከለክላል እንጂ ሰላምታ አይከለክልም።»

መርማሪ ኮስትሬ ተነሡ። «ሰላምታ ከሆነ ቅቤና ሚጥሚጣ ምን ያደርግለታል?»

«ሞቅ ያለ ሰላምታ ስለሆነ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ዳኛው ሽማግሌና ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ያላዩትን አይፈርዱም። ነገሩ በተግባር እንዲጣራ አዘዙ። ሙላት ድንገት ኪሱ ውስጥ ክትፎ ያለው ሰው ሆኖ ተገኘና ዳኛውን አንድ አጎረሳቸው። ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ፤ ሁለተኛ ታዘዘ። ሦስተኛውም ለማመሳከሪያ ታዘዘ። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ከባድ መሆኑን ገልጸው፣ ወገባቸውን ፈታ አድርገው፣ ለሌላ ጊዜ ቀጠሩት።

ከመነሣታቸው በፊት ግን ነገረ ፈጁ ቀንዱን ለመነ።

በእኛ አገር ዳኛ ቀንደ መለከት ካስነፋ፣ ክሱ የነካው ነገር ሁሉ ፍርድ እስኪሰጥ ባለበት ይቆያል። በሬ ከሆነ ባለበት በረት፣ አጥር ከሆነ በዘመመበት። ሰው ከሆነም እንደዚያው። ቀንዱ ተነፋ፤ ሕዝቡ ዳኛውን ሊሸከም ምንም አልቀረው። አስናቀች ከገመዱ አትወጣም! ሙላት የማያውቀውን ሰው ሁሉ ሳመ።

ቀንዱ ሌላ ምን እንደያዘ የገባን ቀስ እያለ ነው።

በመጀመሪያ መርማሪ ኮስትሬ ከከተማችን መውጣት አልቻሉም፤ ቀንዱ ያገኛቸው እዚሁ ነው። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ቀድመው ወጥተው ስለነበር መንገድ ላይ ቀሩ፤ እዚያው አንድ ግራር ሥር ሱቅ ከፍተዋል ይባላል። ኮስትሬ ማደሪያ ስላልነበራቸው እኔ በረንዳ ላይ ተኙ። ምርመራው ስለታገደም መጠየቅ አይችሉም፤ ጥያቄ ምርመራ ነው። ሕግ አክባሪ ሰው ስለሆኑ በጠዋት ተነሥተው ሰማይ ሰማይ እያዩ «ፊት የሚታጠቡበት ውኃ በዚህ ቤት ሳይኖር አይቀርም» ይላሉ። እኔም አመጣለሁ። «የራበው ሰው እዚህ አካባቢ አለ» ይላሉ። ሙላት ይህን ሲሰማ ሕጉን አገላብጦ አሰበና ስለ ጎታች እንጂ ስለ መርማሪ የሚል ነገር አጣ። በየቀኑ እየመጣ ያጎርሳቸው ጀመር። ኮስትሬ የመጡ ጊዜ እንደ ከዘራቸው ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ፍራሹ ከሥራቸው እየተጨፈለቀ ሁለት ጊዜ አደስኩት።

ጉተታው ደረሰ። አስናቀች ካስማ ሆና ቆመች፤ የደጋዎቹን ቡድን እንደ እርጥብ ልብስ ጎትታ አመጣችው። ደወላቸውን ነቅለን በሆታ ገባን። ኮስትሬም አብረውን ነበሩ፤ «አንድ ሰው ደስ ብሎታል» እያሉ።

በማግሥቱ ምርቃት ነበር። የክፍል ጓደኞቿ ተመረቁ። አስናቀች ስሟ ሲዘለል ቆማ ጠበቀች።

«ቀንዱ ተማሪ ሆነሽ ነው ያገኘሽ» አላት ርዕሰ መምህሩ። «ፍርድ እስኪሰጥ ተማሪ ነሽ።»

«ፍርድ መቼ ነው የሚሰጠው?»

«እሱን የሚያውቁት ዳኛው ናቸው። ዳኛው ደግሞ አሁንም እያጣሩ ነው።» እውነቱን ነው፤ ሙላት በየሳምንቱ ማስረጃ ይልክላቸው ነበር።

እሷም የተማረችውን ትምህርት እንደገና ከመጀመሪያው መማር ጀመረች። መምህሩ ሲረሳ ታስታውሰዋለች፤ ሲታመም እሷ ታስተምርና መልሳ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። የቆላው ከተማ ትምህርት ቤትም ብልሃታችንን ሰምቶ ከሰሰና ቀንድ አስነፋ። እዚያ አንድ ጎታች አለ፤ የበኩር ልጁ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ገብታለች አሉ፤ የቤት ሥራ ትሠራለታለች።

በረንዳዬ ላይ ግን ደስታው አላባራም። «አስቡት እስቲ» ይላል ሙላት በጀርባው ተንጋሎ። «ፀጉሯ እስኪሸብት እኮ ካስማችን ናት! ሰባቱን ደወል ሰብስበን የቱን እንደምንደውል እስኪጨንቀን!»

«ቀንዱን ባልወደውም ደወሉ ግን ያምራል» ትላለች ጥሩወርቅ። እሷም ቀስ በቀስ ሐሳቧን ቀይራ ነበር፤ የሚሰፋው መለያ በዝቶላታል።

ከወንዙ ማዶ መልእክተኛ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ውኃው መጉደል ጀምሯል። ጨረቃዋ ሞልታ ሳታልፍ አስናቀች ካልመጣች፣ ያ የዓሣ ማጥመጃው ሰውዬ ድንጋይ ማስፈለጥ ይጀምራል።

አስናቀች የዚያን ዕለት በረንዳዬ መጣችና ከኮስትሬ አጠገብ ተቀመጠች። ፍራሹ ድምፅ አሰማ። መዳፎቿን ብቻ ታያለች። ኮስትሬ መጠየቅ ስለማይችሉ ወደ ሰማይ አዩ።

«ጎታች ራሷ ዳኛ ፊት ቆማ "ጎርሻለሁ" ብትል፣ ያጎረሳት አንድ ሰውም "አጉርሻለሁ" ቢል» አሉ፣ «የሚመረመር ነገር አይቀርም። የሚመረመር ከሌለ ክስ የለም። ክስ ከሌለ ቀንድ የለም። ይህን አንድ ሰው ሊያውቀው ይገባል።»

አስናቀች ቀና አለች። ከዚያ ወደ ደጋፊዎቹ ዞረች። «አንድ ሰው ነው የምፈልገው» አለች። «ነገ ከእኔ ጋር ችሎት የሚቆም።»

ሰው ሁሉ ከፍራሽ ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ። ደወሉ ይመለሳል፤ ያጎረሰው ዕድሜውን ሙሉ ሜዳ አይገባም።

«ጋሽ ሙላት?» አለች።

«እኔ እኮ» አለ ሙላት፣ የሚያየው ጠፍቶት፣ «ወደ አፍሽ አስጠጋሁት እንጂ... የዋጥሽው አንቺ ነሽ።»

«እትዬ ጥሩወርቅ?»

«የኔ እመቤት፣ ጭኮው እኮ ትንሽ ነበር። አየር ቢባል ይሻላል።»

ሁሉም እንደዚያው ሆነ። በፊት ማን አብልጦ እንዳጎረሰ ሲፎክር የኖረ ሰፈር አንድ አጉራሽ ታጣበት። አንዱ እንዲያውም እጁን አሳይቶ «በዚህ እጅ? እኔ ግራኝ ነኝ!» አለ። እኔ ልቆምላት ባስብም ምንም አላጎረስኳትም፤ ያለኝ ጥጥ ነው። እትዬ ዘነበች በግድግዳው ወዲያ ሁሉንም ሰምታ ኖሮ ብቅ አለችና፣ «ለደወል ስትሉ ልጄን አንጠልጥላችሁ ልትኖሩ ነው» አለች።

በነጋታው ችሎቱ ሞላ። አስናቀች ዳኛው ፊት ቆመች።

«ጎርሻለሁ» አለች። «ክትፎም፣ ጭኮም፣ ጥብስም። ሲሰጡኝ እምቢ ማለት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ደግሞም ይጣፍጥ ነበር።»

«ያጎረሰሽ ሰው አለ?» አሉ ዳኛው።

ማንም አልተነሣም። ሙላት ጫማውን ያያል። ነገረ ፈጁ ፈገግ አለ። ዳኛው አስናቀችን አሰናብተው ሊነሡ ሲሉ መርማሪ ኮስትሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጥቁሩን ክር ከኪሳቸው አወጡ።

«ከእነዚህ ቋጠሮዎች ሁሉ» አሉ ለጣሪያው፣ «በጣም ትንሿ የሥጋ ሻጩ ናት። ከክትፎው ይልቅ ጭኮው ጉልበት ሳይሰጣት አልቀረም። ክትፎው ጅማት ይበዛበታል ይባላል።»

«ምን?» አለ ሙላት።

«ይባላል» አሉ ኮስትሬ።

ሙላት ብድግ አለ። መጀመሪያ ኮስትሬን አየ፤ ቀጥሎ አስናቀችን አየና ትንሽ ቆየ። ተናዶ ይሁን ሰበብ አግኝቶ፣ እስካሁን አልገባኝም፤ ብጠይቀውም ስለ ጅማት ነው የሚያወራልኝ። «ይቺን ልጅ ገመድ ያስጎተታት የእኔ ክትፎ ነው!» አለ በሙሉ ድምፁ። «እኔ ነኝ ያጎረስኳት! ጅማት የሌለው፣ ቅቤው የሚንጠባጠብ፣ ይኸን የሚያህል!» እያለ ቡጢውን አሳየ።

«ይሄን የሚያህል ውሸት!» አለች ጥሩወርቅ፣ እሷም ተነሥታ። «የእኔ ጭኮ ነው እንጂ! የአንተን ክትፎ እኮ ልጅቷ ለይሉኝታ ነው የምትውጠው!»

«አየር ነው አላልሽም ትናንት?»

«ትናንት ትናንት ነው!»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። ግራኙ ሳይቀር በሁለት እጁ ማጉረሱን ተናገረ። አንዲት ሴትዮ ቂንጬ ይዤ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ተከትያታለሁ አለች። ዳኛው መዶሻቸውን ቢመቱ የሚሰማቸው አጡ። በመጨረሻ «ከዚህ አዳራሽ ያላጎረሰ ማነው?» ብለው ጮኹ።

እጁን ያወጣ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ፍርዱ በዚያው ተሰጠ። ክሱ ወደቀ፣ ቀንዱ ተነሣ፣ ደወሉ ለደጋዎቹ ይመለስ ተባለ፣ ከተማው በሙሉ ከሜዳው ታገደ። ከእንግዲህ ገብቶ መደገፍ የሚችል እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ገመድ ጉተታ አልወድም።

ርዕሰ መምህሩ አስናቀችን ችሎቱ ደጅ ላይ መረቃት። ቆቡ ስላልገባላት በእጇ ያዘችው። እትዬ ዘነበች እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሕዝቡም ዕድሜ ልኩን መታገዱን ለአፍታ ረስቶ አብሮ አጨበጨበ።

መኪናው የሚነሣው ከገበያው ዳር ነበር። ሰፈሩ ሊሸኛት ወጣ። ኮስትሬ ዕቃዋን ጫኑላት፤ ጥያቄ ከተፈቀደላቸው ወዲህ አላቆሙም፤ «ድልድዩ ስንት ሰው ይሸከማል? እኔን ይችለኛል? እኔንና ሙላትን አንድ ላይስ?» እያሉ። እትዬ ዘነበች አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ሹፌሩን ቀስ ብለህ ንዳ ትለዋለች። አስናቀች አንድ እግሯን መኪናው ደረጃ ላይ አሳርፋ የእያንዳንዱን ሰው ጉንጭ ለመሳም ጎንበስ ትላለች።

ነገረ ፈጁ ካባውን እየጎተተ፣ እያለከለከ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው።

«ደስ ይበላችሁ!» አለ። «ይግባኝ አለ! የታገዳችሁት ያላግባብ ነው፤ የከተማ ሕዝብ ሁሉ አይታገድም። ዳኛውን አነጋግሬያለሁ። ዛሬውኑ ቀንድ ይነፋል፤ ፍርድ እስኪሰጥ ሁሉም ባለበት ይቆያል!»

ሙላት ፊቱ በራ። «ሜዳ ልንገባ ነው?»

«ባላችሁበት ትቆያላችሁ ነው የምልህ!»

«ያው ነው፣ ያው ነው!» ሙላት እጆቹን አፋተገ፤ ሕዝቡ ወዲያው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ጀመር። ጥሩወርቅ አሁን ከየትኛው ወገን እንደሆነች መስማት አልቻልኩም። በመጨረሻ ሙላት እንደ ትልቅ ሰው ወግ አስናቀችን አማክሯት ለመሄድ ወደ መኪናው ተጠጋ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ የኔ ልጅ? እንክሰስ?»

አስናቀች ሁለተኛ እግሯን ወደ ውስጥ አስገባች።

«እኔ እንኳ አልቃወምም፣ ጋሽ ሙላት» አለች። «ብቻ መጀመሪያ መኪናው ይነሣ።»